ባትሪ መንቀል ጥገና አይደለም!

ኧረ በናታችሁ መካኒኮች! ቼክ ኢንጂን የሚባለው የዳሽቦርድ መብራት በበራ ቁጥር የባትሪ ገመድ ነቅሎ መልሶ ማሰር ከመቼ ወዲህ ነው ጥገና የሆነው? መብራቱ ይጠፋል፤ ከፒያሳ ሜክሲኮ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመላለሱበት ተመልሶ ቦግ! ይባስ ብሎ ባትሪው ሲነቀል የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የጥፋት ኮድ ብቻ ሳይሆን ጥፋቱ ሲመዘገብ የነበረው የሞተር ሙቀት፣ ዙርና ፍጥነትም አብሮ ይሰረዛል። መረጃውን አጥፍቶ ግምት!

ፒ0171 የሚል ኮድ ሲያዩ ደግሞ «ኦክስጅን ሴንሰሩ (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው) ሞቷል፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ ይዘህ ና»። ኮዱ የሚለው እኮ ለገባው አየር ቤንዚኑ አንሷል ነው። ሴንሰሩ ያየውን ተናገረ እንጂ ምን አደረገ? እሱን መለወጥ ቴርሞሜትር ቀይሮ ትኩሳቱ ወረደ እንደማለት ነው።

ኮድ የሚያነበው ማሽን ከኮድ ሌላ ብዙ ያሳያል፤ ግን ማን ገልጦ አይቶ! ፉዩል ትሪሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ፣ እዩት። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ +20 በመቶ ገደማ ሆኖ፣ ዙሩ 2,500 ሲደርስ ወደ 5 ከወረደ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ያረጀ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ ከሚያከፋፍለው ቱቦ) ጀርባ ያለ የደረቀ የቫኪዩም ጎማ ነው፤ በጣት አጠፍ ሲያደርጉት ስንጥቁ ይታያል። ተገላቢጦሽ ሆኖ ጭነት ሲጨምር የሚብስ ከሆነ የቤንዚን ፊልትሮ፣ ፓምፕ፣ ወይም የቆሸሸ የአየር መጠን ሴንሰር ነው። ይህ ሴንሰር ለእሱ የተሠራ ማጽጃ ይረጭበታል እንጂ በጨርቅ አይታሽም፤ ሽቦው ስስ ነው።

ለአንድ ቁራጭ ጎማ ስንት ሴንሰር ይገዛ? አምፖሉን ከዳሽቦርድ ነቅሎ «አለቀ» የሚለውንማ እንተወው።