ዳኛዋ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ

ሜሪላንድ ውስጥ ፒዛ ማድረስ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ውሻ አባሮኛል፣ ጉርሻ ተከልክያለሁ፣ በረዶ አንሸራትቶኝ ከነካርቶኑ ወድቄያለሁ። ፖሊስ ግን ተጠርቶብኝ አያውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ተጠራብኝ።

በር ደወልኩ። አልተከፈተም። ከደወሉ ካሜራ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ፦ "አላዘዝኩም። ከበሩ ራቅ በል።" እኔ ደግሞ የሐበሻ ነገር፣ "ተከፍሏል እኮ፣ ግዴለም ውሰጂው" እያልኩ ጭራሽ ጠጋ አልኩ! ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ ደረሰ። መንጃ ፈቃዴን አየ። ስልኬ ላይ ያለውን ትዕዛዝ ፎቶ አነሳ። ካርቶኑን በባትሪ አበራበት። ፒዛው እንደ ተጠርጣሪ አስፋልት ላይ ቁጭ ብሎ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ምስጢሩን የነገረኝ ውሻውን ይዞ የሚያልፍ ጎረቤት ነው፤ ሴትየዋ ዳኛ ናት። (ለማያውቀው ሰው ነው የሚነግረው እንግዲህ!)

መጀመሪያ በጣም ተናድጄ ነበር። ጥቁር ስለሆንኩ ነው ብዬም ነበር። ቤት ገብቼ ማንበብ ስጀምር ንዴቴ ሌላ መልክ ያዘ።

ኒው ጀርሲ ውስጥ ኤስተር ሳላስ የምትባል የፌዴራል ዳኛ አለች። ጁላይ 19 ቀን 2020፣ እሑድ፣ ከልጇ ከዳንኤል ጋር ምድር ቤት ሆነው ሲያወሩ በሩ ተደወለ። ዳንኤል ሮጦ ወጣ። በር ላይ የነበረው የዕቃ አድራሽ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ነው፤ እሷ ችሎት ጉዳይ የነበረው ጠበቃ። 20 ዓመት የሞላውን አንድ ልጇን ገደለው፤ ባሏንም ክፉኛ አቆሰለው።

የዕቃ አድራሽ ልብስ! የእኔን ልብስ ማለት እኮ ነው።

በልጁ ስም ሕግ ወጣ። ኒው ጀርሲ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አወጣች፣ የፌዴራሉ በዲሴምበር 2022 ተከተለ። የፌዴራል ዳኛ አድራሻዬን ከኢንተርኔት አውርዱልኝ ካለ ማውረድ ግድ ነው፤ የመረጃ ነጋዴዎችም የእሱንም የቤተሰቡንም አድራሻ እንዳይሸጡ ተከለከሉ። የእኔና የእናንተ ግን አሁንም እንደ ሽንኩርት በችርቻሮ ይሸጣል። እዚሁ ሜሪላንድ ደግሞ፣ ሄገርስታውን ላይ፣ ኦክቶበር 2023 አንድሩ ዊልኪንሰን የተባለ የስቴት ዳኛ የልጆች አሳዳጊነት በወሰነበት ዕለት ቤቱ ደጃፍ ላይ ተገደለ። ሚስቱና ልጁ ቤት ውስጥ ነበሩ። በ2024 በእሱም ስም ሕግ ወጣ። አሁን አሁን የሰው ስም ያለበት ሕግ ሳይ፣ ሟቹ ማን ነው እላለሁ።

በ2025 ደግሞ ያልታዘዘ ፒዛ ወደ ዳኞችና ወደ ዘመዶቻቸው ቤት መላክ መጣ። አንዳንዱ በሟቹ በዳንኤል ስም። "ቤትሽን አውቀዋለሁ" ለማለት ነው። የእኔ ትዕዛዝ ላይ የነበረው ስም ዳንኤል አልነበረም። ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

እታለም፣ ታላቅ እህቴ፣ አገር ቤት ዳኛ ናት። የእሷ አድራሻ? ባጃጁን "ዳኛዋ ቤት ጋ አውርደኝ" ማለት ይበቃል። ጠዋት አጠገቧ የሚሳፈረው ሦስት ሰዓት ላይ ፊቷ የሚቆመው ባለጉዳይ ነው። አንዴ በመሬት ክርክር የፈረደችበት ሰውዬ ሒሳቧን ከፍሎላት ወረደ። ጉቦ ነው? ይሉኝታ ነው? ዛቻ ነው? እስከ ዛሬ አልገባትም። አከራይዋ ራሱ ችሎቷ ላይ ጉዳይ ነበረው። ከችሎቱ ተነሳች፤ ከቤቱ ግን ተነስታ የት ትሂድ? ማታ በር ሲንኳኳ እማዬ "ማነው?" እንኳን ሳትል ትከፍታለች። ቀን የተፈረደበት ቢሆንም ቡና ይፈላለታል።

ከሳሽና ተከሳሽ በኩታ ተቋጥረው፣ መንገደኛውን "በሕግ አምላክ" ብለው አስቁመው ፍረድ የሚሉ ሰዎች ልጆች ነን። ዳኛ ማጠር አልለመደብንም። ለምስክርና ለጠቋሚ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። አንቺስ ብላት፣ "ምስክር ብሆን ይሻለኝ ነበር" ብላ ሳቀች።

እኔስ? ድርጅቱ "ትዕዛዙ አልደረሰም" ብሎ ክፍያዬን ቆረጠ። ብደውል የሚያናግረኝ ማሽን ነው። ፖሊስ ይመስክርልኝ ልበል? ፒዛውን የወሰደው እሱ፣ የቅዳሜ ማታ ሥራዬን ያስቆመኝ እሱ፣ ከሒሳቤ የተነሳው የእኔ ላብ! ነዳጁን ሳልቆጥር።

እሑድ ለእታለም ደውዬ ይህን ሁሉ ስነግራት ፒዛው ላይ ስደርስ ከት ብላ ሳቀች። ዳንኤል ላይ ስደርስ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለች። "ያቺ በር ላይ ያለችው ካሜራ ስንት ነው የምትሸጠው? ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካለ…" ቆም አለችና፣ "መብራት ሲጠፋ ትሠራለች?"