ማስተካከያ፦ የተልባ ዘይት ስለነካው ጨርቅ

በሐዋሳ በትርፍ ጊዜያቸው እንጨት በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ሰሞኑን ሲዘዋወር የሰነበተው፣ የዋንዛ ጠረጴዛ በተልባ ዘይት የተወለወለበትን ጨርቅ ጠቅልሎ በካርቶን ማስቀመጥ ለቀጣይ ሥራ ይጠቅማል የሚለው ምክር ስህተት፣ እጅግም አደገኛ ነው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው በመትነን ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ጋር በመዋሐድ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው ሙቀት በጨርቁ እጥፋት ውስጥ ታምቆ መውጫ ስለሚያጣ፣ ክብሪት ሳይጫር ከሰዓታት በኋላ ጨርቁ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። አምራቾች በዘይቱ ቆርቆሮ ላይ በሚለጥፉት ማስጠንቀቂያም ይኸው ተጽፎ ይገኛል። ትክክለኛው አሠራር ጨርቁን ከቤት ውጭ ነጠላ አድርጎ ዘርግቶ ድርቅ እስኪል መተው፣ አለዚያም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ በውሃ መዘፍዘፍ ነው። ምክሩን ተከትሎ ጨርቁን፣ በተለይም ሰጋቱራ በማይጠፋበት ክፍል፣ ያስቀመጠ ሰው ካርቶኑን አሁኑኑ ወደ ውጭ አውጥቶ ጨርቁን ውሃ ውስጥ ይንከረው።