እርማት፦ የሚጮህ ቺንጋ ሳሙናም ግራሶም አይቀባም

«በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ጠዋት የሚያፏጭ የሞተር ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) ደረቅ ሳሙና ወይም ግራሶ ቢቀባ ይድናል» በማለት የተሰጠው ምክር በአሽከርካሪዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ ትክክል ስላልሆነ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። ቺንጋው ፑሌጃውን (የሚጠመጠምበትን ተሽከርካሪ ክብ አካል) የሚያዞረው በሰበቃ ነው፤ ቅባት ይህንኑ ሰበቃ ስለሚቀንስ ድምፁ ለጊዜው ቢጠፋም መንሸራተቱ ይብሳል፣ ግራሶውም ላስቲኩን አሳብጦ ያለሰልሰዋል።

ምክንያቱን ለመለየት ሞተሩን አስነስቶ፣ የጋቢን ጫፍ በሚገባ ሰብስቦ (በሚዞረው ቺንጋ እንዳይያዝ)፣ ከራቅ ብሎ ጥቂት ንጹህ ውሃ በቺንጋው ጥርስ በኩል መርጨት ይበቃል። ድምፁ ከበረታ ቺንጋው ላልቷል ወይም ተንሺነሩ (ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ክፍል) ደክሟል፤ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ግን ብዙውን ጊዜ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ለውጥ ከሌለ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቺንጋውን አውልቆ የዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑንና የተንሺነሩን ፑሌጃ አንድ በአንድ በእጅ ማዞር ያስፈልጋል፤ ሲዞር የሚሻክር ወይም የሚወላወል ካለ ኩሽኔታው (ፑሌጃው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል) አልቋል።

ጠዋት ብቻ መጮኹም ብርዱን ብቻ ተጠያቂ አያደርግም፤ ሞተር በማስነሳት የተዳከመውን ባትሪ ዲናሞው መልሶ ሲሞላ ስለሚከብድ፣ የላላ ቺንጋ ያን ጊዜ ይንሸራተታል። ግራሶ የነካው ቺንጋ መቀየር አለበት፤ ፑሌጃዎቹ ካልጸዱ አዲሱም ይጮሃል። በብዙ መኪኖች የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ስለሆነ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዳገቱን ሲወጡ ቢበጠስ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ከልክ በላይ ይግላል።