«የእንስሳት ማቆያ እስር ቤት ነው» ለምትሉ

የእንስሳት ማቆያ እስር ቤት ስለሆነ ሁሉም ይዘጋ የሚል ጽሑፍ አንብቤ አልተዋጠልኝም። የአንዳንዱ ግቢ ጥበት እኔንም ያበሳጨኛል፣ እሱን አልክድም። ግን የካሊፎርኒያ ኮንዶር ጉዳይ እንዴት ይዘለላል?

ይሄ ግዙፍ የአሜሪካ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ላይ የቀረው 27 ብቻ ነበር። ዱር የቀሩትን በሙሉ ይዘው ሳንዲያጎና ሎስ አንጀለስ ወዳሉት ማቆያዎች አስገቧቸው። ያኔም ተዉአቸው በክብር ይጥፉ ያለ ሰው ሞልቶ ነበር።

ኮንዶር አንዴ የምትጥለው አንድ እንቁላል ነው። ሠራተኞቹ ታዲያ ዘዴ ዘየዱ፤ የመጀመሪያውን እንቁላል ወስደው በማሽን ሲያስፈለፍሉት እናትየው ሌላ ትጥላለች። ጫጩቱ ሰው እንዳይለምድ ደግሞ እጃቸው ላይ የኮንዶር ጭንቅላት የሚመስል አሻንጉሊት አጥልቀው የተከተፈ አይጥ ያጎርሱታል። አይጥ መክተፍ! ደሞዙ ስንት ይሆን?

በ1992 ወደ ዱር መልቀቅ ጀመሩ፣ ዛሬ በማቆያም በዱርም ያሉት ሲደመሩ ከ500 ያልፋሉ። አሁን ፈተናው ውጪ ያለው ምግብ ነው፤ አዳኝ በእርሳስ ጥይት የመታውን እንስሳ ሬሳ በልተው እየተመረዙ ይሞታሉ፣ ስለዚህ እየያዙ ደማቸውን መርምሮ ማከሙ እስካሁን አልቆመም። ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይት ከልክላለች። ጎረቤቷ አሪዞና ግን ነገሩን ለአዳኙ ፈቃድ ትታዋለች፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።