ሰኮናውን ሳያነሡ ገድ የሚያነብቡ ገዥዎች

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ዳማውን ፈረሳችንን ይዘን ገበያ ወጣን፤ ሦስቱንም ቅዳሜ ይዘነው ተመለስን። ፈረሱ አያነክስ፣ አይራገጥ፣ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኮርቻም ጋሪም ለምዷል። ጥፋቱ አራቱም እግሮቹ ወደ ሰኮናው ሲቃረቡ ነጭ መሆናቸው ብቻ ነው። "ገደ ቢስ ነው፣ ቤት ይፈታል" ይሉናል። አንዱማ ግንባሩ ላይ ፀጉሩ የተሽከረከረበትን ቦታ በጣቱ እየነካ "ይህ የጌታውን ዕድሜ ያሳጥራል" ብሎ አባቴ ፊት ተናገረ። አባቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ለአንድ ሽማግሌ እንዲህ ይባላል?

ከእነዚያ ሁሉ ገዥዎች መካከል አንድ እንኳ ሰኮናውን አንሥቶ አላየም። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን የቆጠረ፣ ጀርባውን በእጁ የዳሰሰ፣ ጥቂት አስሩጦ ትንፋሹን ያዳመጠ አልነበረም። ቀለም አይተው ይሄዳሉ።

ያንገበገበኝ ግን ያለፈው ቅዳሜ ነው። የእኛን ገደ ቢስ ያለው ሰው ዞር ብሎ ከአጠገባችን የቆመውን ፈረስ ገዛ። ያ ፈረስ ኮርቻ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው። "ይህ የበረከት ምልክት ነው" አለ ሰውዬው፤ ደላላውም አጸደቀለት፣ ዋጋውም ተጨመረበት። የምን በረከት! ያ የማይመጥን ኮርቻ የላጠው ቁስል ነው። ቁስሉ ለፀጉር ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ሲያጠፋ በቦታው የሚበቅለው ፀጉር ነጭ ይሆናል። የፈረሳችን እግር ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የወጣው ነጭ ርግማን ተባለ፣ የሌላው ፈረስ የስቃይ ጠባሳ ደግሞ በረከት።

"ነጭ ሰኮና ቶሎ ይሰነጠቃል" የሚሉም አሉ። የሰኮና ጥንካሬ ከአመጋገብ፣ ከአያያዝና ከዘር እንጂ ከቀለሙ አይመጣም። በነጭ ፀጉር ሥር ያለው ቆዳ ፀሐይና ጭቃ ቶሎ ይጎዳዋል ቢሉኝ እቀበላለሁ፤ እሱም በእንክብካቤ የሚፈታ ነገር ነው።

እምነቱ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እንግሊዞችም አንድ እግሩ ነጭ የሆነውን ግዛ፣ አራቱም ነጭ የሆነውን ግን እለፈው የሚል የቆየ ግጥም አላቸው። በዚያው አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ትልቁን የኤፕሶም ደርቢ ውድድር ያሸነፈው ዘ ሚንስትረል የተባለው ፈረስ አራት እግሩ ነጭ ነበር። በ1973 የአሜሪካን ሦስት ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈው ሴክሬታሪያትም ሦስት እግሩ ነጭ ነው።

እኛ እኮ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረስ አስጊጠን የምናከብር ሰዎች ነን! ነገሥታቱን እንኳ በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ብለን የምንጠራ ሰዎች ነን። ታዲያ ፈረስ ማየት መቼ ረሳን? የጎረቤታችን የጋሪ ፈረስ እግሩ ላይ እባጭ እየወጣበት ይመግል ጀመር። በፈንገስ የሚመጣ፣ በቁስል የሚተላለፍ የታወቀ በሽታ ነው። ቡዳ ነው ተብሎ አንገቱ ላይ ክታብ ታሰረለት፤ የእንስሳት ሐኪም የተጠራው መራመድ ካቃተው በኋላ ነው። ቁስሉ በጊዜ ቢታጠብና ዕቃው ከሌላ ፈረስ ጋር ባይጋራ ኖሮ ዛሬ ያ ፈረስ ይሠራ ነበር።

ደላላው ትናንት ደውሎ "እግሩን እንሶስላ ቀብታችሁ አምጡት፣ ዳማ ይመስላል፣ እኔ እሸጠዋለሁ" አለን። አባቴ ስልኩን ከእጄ ወስደው "ፈረሴ የምደብቀው ነውር የለውም" ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ እንደገና እንወስደዋለን። እግሩን በሳሙና አጥበን፣ ነጭነቱ ከሩቅ እንዲታይ አድርገን።