የራስ ዳርጌ ድልድይ በአሠሪው ስም ይጠራ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በደብረ ሊባኖስ ገዳም አቅራቢያ በገደሉ አፋፍ የሚገኘውን የድንጋይ የእግረኛ ድልድይ ብዙ አስጎብኚዎች ዛሬም «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል። ያሠሩት ግን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የዳግማዊ ምኒልክ አጎትና የሰላሌ ገዥ የነበሩት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ ዘመኑም የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው።

ስያሜውን ለመሻር የዘመን ቆጠራ ብቻውን ይበቃል። የፖርቱጋላዊው የጦር አዛዥ የክሪስቶፎር ዳ ጋማ ወታደሮች የመጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1541 ነው፤ ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያንም ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ ከአገር አስወጥተዋቸዋል። ራስ ዳርጌ ያረፉት በ1900 ስለሆነ በመካከሉ ከ250 ዓመት በላይ አለ። የስህተቱ ምንጭ በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ በ1626፣ ኢየሱሳውያኑ በዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ተሰሚ በነበሩበት ጊዜ በኖራ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ሁሉ ለፖርቱጋሎች ይሰጥ ጀመር። ጎጃምንና ቤጌምድርን ያገናኝ የነበረው ሰባራ ድልድይ እንኳ፣ ሚስዮናውያኑን ባባረሩት በራሳቸው በፋሲለደስ ዘመን ተሠርቶ ሳለ፣ ከዚህ ስም አላመለጠም።

ስለ ደብረ ሊባኖሱ ድልድይ የሚተረከው አፈ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔም እንዲጠፋ አልፈልግም። ድንጋዮቹን ያያያዘው ኖራ የተለወሰው ከሰጎን እንቁላል ጋር ነው ይባላል። ሰጎን የቆላ ወፍ ብትሆንም እንቁላሏ ለደገኛው ምእመን እንግዳ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ላይ ይሰካል፣ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል እግዚአብሔርም ጥበቃውን ከሕዝቡ አያርቅም ተብሎም ይተረጎማል። በገዳም አጠገብ ያለ ድልድይ በዚሁ እንቁላል ጸና የሚል ወግ የተወለደው ከዚህ እምነት እንጂ ከሊዝበን አይመስለኝም። የሚገርመው፣ ያው አስጎብኚ የፖርቱጋሉንም የእንቁላሉንም ነገር በአንድ ትንፋሽ ማውራቱ ነው።

እንቁላል በእርግጥ ገብቶበት ከሆነ ከማያያዣው ጥቂት ናሙና ወስዶ በቤተ ሙከራ መመርመር ይቻላል። ምርመራው ለወጉ ማረጋገጫ ብቻ ሳይሆን ለጥገናም ያስፈልጋል፤ በኖራ የተያያዘ አሮጌ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበት ውስጡ ይታመቅና ድንጋዩ ራሱ መፈርፈር ይጀምራል።

ስሙ ይለወጥ ሲባል «ቱሪስት የሚያውቀው በፖርቱጋል ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ቱሪስቱ ይህን የሚያውቀው እኛው ስለነገርነው ነው። በድልድዩ አጠገብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ የአሠሪውን ስምና ዘመኑን የሚናገር ሰሌዳ ይተከል፤ የሰጎኑ እንቁላል ወግም «ይባላል» ከሚል ቃል ጋር ከሥሩ ይጻፍ።