ማስተካከያ፦ እምቢ ስላሉት 14 ሰዎች

ሰዎች ለምን ለሥልጣን አልታዘዝም እንደሚሉ ባለፈው ባወጣነው ጽሑፍ፣ በአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በስታንሊ ሚልግራም ሙከራ እምቢ ያሉት ተሳታፊዎች «ገና ከጅምሩ ያልታዘዙ፣ በተፈጥሯቸው ደፋሮች» ናቸው ብለን ነበር። ተሳስተናል። በሙከራው አጥኚው ተሳታፊዎቹን፣ በሌላ ክፍል ያለ ሰው መልስ በተሳሳተ ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲሰጡት ያዝዛቸው ነበር።

ውጤቱ በ1963 እ.ኤ.አ. በታተመው የዬል ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ከ40 ተሳታፊዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ዘልቀዋል። ከቀሩት 14 ሰዎች ከ300 ቮልት በፊት ያቆመ አንድም የለም። እጃቸውን የሰበሰቡት ከወዲያኛው ክፍል ግድግዳው ሲደበደብ ከሰሙ በኋላ ነው። (ንዝረቱ የውሸት ነበር፤ ይህንንም ሳንናገር አልፈነዋል።) እስከ መጨረሻ ከታዘዙትም ብዙዎቹ ያልባቸው፣ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«በተፈጥሯቸው ደፋሮች» ያልነው ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል፤ የሚልግራም የራሱ ሌላ ሙከራ ያፈርሰዋልና። በዚያኛው ከተሳታፊው ጎን ሁለት የአጥኚው ተባባሪዎች ተሳታፊ መስለው ተቀመጡ። አንዱ በ150፣ ሌላው በ210 ቮልት ላይ «አልቀጥልም» ብለው ተነሡ። ከ40 ተሳታፊዎች እስከ መጨረሻው የሄዱት 4 ብቻ ሆኑ። እምቢታ እንዲህ በቀላሉ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ ከሆነ፣ ሁሉንም ለተፈጥሮ መስጠታችን ችኮላ ነበር።

በዚያው ጽሑፍ ለሚልግራም የሰጠነው የመስመሮችን ርዝመት የማወዳደር ሙከራም የሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሰለሞን አሽ እንጂ የሚልግራም አይደለም።